የተጨማደዱት የባሕር እንጉዳዮች

አራት ኪሎ አካባቢ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጠያቂ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «120 ሊትር ውሃ በያዘው የባሕር አኳሪየሜ ውስጥ ስድስት ቀይና ሰማያዊ የባሕር እንጉዳዮች (እንጉዳይ የሚመስሉ፣ የኮራል ዘመድ የሆኑ ለስላሳ የባሕር እንስሳት) አሉኝ። ሁለት ወር ያህል በደንብ ተዘርግተው ቆይተው ነበር። የጨው መለኪያው ሃይድሮሜትር 1.021 ሲያሳየኝ ግን ጨው ያነሰ መስሎኝ፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሚጎድለውን በየሁለት ቀኑ ሁለት ሊትር የጨው ውሃ በጥብጬ እተካለሁ። አሁን ሁሉም ተጨማደዋል፤ አንዱ ነጥቷል፣ ሌላው ከድንጋዩ ተላቆ ይንሳፈፋል። ብርሃን እንዲያገኙ ብዬ ወደ ላይ አውጥቻቸዋለሁ።»

በእኔ ግምት ጨው አላነሰዎትም፤ ያታለለዎት መለኪያው ነው። ከአኳሪየም የሚተነው ውሃው ብቻ ሲሆን ጨው እዚያው ስለሚቀር፣ የተነነውን መተካት ያለበት ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። ገንዳዎ በሊትር 35 ግራም ጨው ይዞ ከነበረ በጠቅላላው 4,200 ግራም ነበረው ማለት ነው። በ20 ቀን የጨመሩት 20 ሊትር የጨው ውሃ ደግሞ 700 ግራም ጨው ይዞ ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ በሊትር ወደ 41 ግራም ደርሷል፤ አጥንትም ሆነ ቅርፊት የሌለው፣ ገላው በአብዛኛው ውሃ የሆነ ፍጥረት ይህን ያህል ጨው ሲከበው ከመጨማደድ ሌላ ምርጫ የለውም። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ በመሆኑ ትነቱ ይበረታል፤ ችግሩም በዚያው ልክ ይፋጠናል።

መርፌ ያለው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር በተለይ ሳይታጠብ ሲቀመጥ በመርፌው ላይ ነጭ የጨውና የኖራ ቅርፊት ይጋገርበታል። መርፌው ሲከብድ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ጨዋማነቱን አሳንሶ ያሳያል፤ የአየር አረፋ ሲጣበቅበት ደግሞ አጋንኖ ያነባል። እኔም የአኳሪየም ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ በዚሁ መሣሪያ ተማምኜ የአንድ ደንበኛዬን ገንዳ ሙሉ አበላሽቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሬፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) አልወጣም። መለኪያዎን ለአንድ ሰዓት ያህል በአቼቶ ዘፍዝፈው በንጹሕ ውሃ ካለቀለቁት በኋላ፣ የገንዳውን ውሃ ሞልተው ጎኑን በጣትዎ መታ መታ እያደረጉ አረፋውን ያስወጡና እንደገና ያንብቡ። ሊደርሱበት የሚገባው 1.026 ገደማ ነው፤ ይህም በሊትር ከ35 ግራም ጨው ጋር ይቀራረባል። ሬፍራክቶሜትር ከገዙ በተጣራ ውሃ ዜሮ ማድረጉ ብቻ ስለማያስተማምን፣ 35 ተብሎ በተዘጋጀው መፈተሻ ፈሳሽ ያስተካክሉት።

ግምቴ በልኬት ከተረጋገጠ ጨዉን በአንድ ቀን ለማውረድ አይቸኩሉ፤ ድንገተኛ ለውጥ ከጨዉ ብዛት የባሰ ይጎዳቸዋል። በቀን ሦስት ሊትር ከገንዳው ቀድተው በምትኩ ሦስት ሊትር የተጣራ ውሃ፣ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አስተካክለው፣ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። በየቀኑ አንድ ግራም ያህል እየቀነሰ በስድስት ቀን ወደ 35 ይመለሳል። የተጣራ ያልኩት በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ የወጣውን ነው፤ የቧንቧ ውሃን ማፍላት ክሎሪኑን ቢቀንሰውም ፎስፌቱንና ናይትሬቱን አያስወጣውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን የተጣራ ውሃ ምንጊዜም በመጠባበቂያነት መያዝ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ፣ የበጠበጡት የወጥ ጨው እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከአፍዴራም መጣ ከሌላ ቦታ፣ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ስለሆነ የባሕርን ውሃ አይተካም።

ወደ ላይ ያወጧቸውን ዛሬውኑ ወደ ታች ይመልሷቸው። እነዚህ እንስሳት፣ መልካቸው የጅብ ጥላ ቢመስልም፣ በገላቸው ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን አልጌዎችን ተሸክመው ከአልጌዎቹ የሚመገቡ ናቸው። ብርሃን ከልክ ሲያልፍ አልጌውን ስለሚያጡ ይነጣሉ፤ የቀይና የሰማያዊው ዝርያ ደግሞ በተለይ ጥላ ይወዳል። የኤልኢዲ መብራቱን እንጉዳዮቹ ከለመዱት መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ያድርጉት፤ የፓምፑም ጅረት በቀጥታ አይምታቸው። የነጣውን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ፓምፑን አጥፍተው፣ የምስር ፍሬ በምታክል የሽሪምፕ ቁራጭ መግቡት፤ ቀስ ብሎ ጠርዙን ወደ መሐል ሲሰበስብ ካዩ በሕይወት የመቆየት ዕድል አለው። ቡናማ ሆኖ የሚዝለገለግና የሚሸት ግን ሳይውል ሳያድር ይውጣ፤ ሌሎቹንም ይበክላል።

የተላቀቀውን በማጣበቂያ ለመለጠፍ አይድከሙ፤ ገላው ስለሚያሙለጨልጭ አይይዝም። አነስ ያለ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ የተሰባበረ የኮራል ጠጠር አድርገው፣ እንጉዳዩን ከላይ አስቀምጠው አፉን በቬሎ ጨርቅ ቁራጭ ይሸፍኑና በላስቲክ ይሰሩት። ጅረት በማይበዛበት ጥግ ካኖሩት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ከጠጠሩ ጋር ይያያዛል። በቬሎው ፈንታ ከአልጋ አጎበር እንዳይቆርጡ አደራ እላለሁ፤ አብዛኛው አጎበር ነፍሳት በሚገድል መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ሽሪምፕዎንና ሸርጣንዎን በአንድ ሌሊት ሊጨርስብዎ ይችላል።

ባይጠይቁኝም ስለ መብራት መጥፋት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ፣ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያነሰ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ሰዎች የምናነበው ምክር ይህን አይቆጥርም። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወዲያውኑ ያስነሱ፤ በክረምት ሌሊት ደግሞ ማሞቂያው ስለሚቆም የገንዳውን ጎኖች በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፤ አየር እንዲገባ ግን ላዩን ክፍት ይተዉት።