የጨጓራ ማሳነስ ቀዶ ሕክምና፣ ስሊፕ አፕኒያ እና የማደንዘዣ ፍርሃት

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ክብደቴ 124 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ዓምና በእንቅልፍ ምርመራ ትንፋሼ በሰዓት 38 ጊዜ እንደሚቋረጥ ተነግሮኝ ሲፓፕ የሚባለውን፣ በጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ማሽን ገዛሁ፤ በድሬ ሙቀት ጭምብሉ ሲያፍነኝ ግን ተውኩት። አሁን ጨጓራዬን ለማሳነስ አዲስ አበባ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ማደንዘዣ ከተሰጠኝ በኋላ ሳልነቃ ብቀርስ የሚለው ሐሳብ እረፍት ነስቶኛል። አንዳንዶች ደግሞ «የእንቅልፉን ነገር ካነሳሽ ይሰርዙብሻል፣ ዝም በይ» ይሉኛል። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ጫት እቅማለሁ፤ እሱስ ያሰጋል?

መልስ፦ የመከሩዎትን ሰዎች አይስሟቸው። ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ፣ እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና ከሚያደርጉ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ የሚገኝ ችግር ነው፤ የማደንዘዣ ባለሙያው በየሳምንቱ የሚያየው ነገር ስለሆነ ሲሰማ አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሳይነገረው ሲቀር ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚራዘመው ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ወይም ልቡ ካልተስተካከለ፣ አለዚያም ታካሚው ቀን ነቅቶ ሳለ እንኳ ኦክስጅኑ ዝቅ ካለ ነው።

ቁጥሩን በቁጥርነቱ እንየው። በደንብ በተደራጁ ማዕከላት ይህን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 1,000 ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የሚሞተው አንድ ገደማ ነው። ለሞት የሚያበቁት ዋና ዋና ምክንያቶችም እግር ላይ ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም፣ ከተሰፋው ጨጓራ የሚያፈስ ፈሳሽና የልብ ችግር ናቸው። ማደንዘዣው ራሱ ከኋላ ይመጣል።

እርስዎ የሚፈሩት ሰዓትና እኛ ሐኪሞች የምንፈራው ሰዓት አንድ አይደለም። ስሊፕ አፕኒያ የሚመጣው እንቅልፍ ሲወስድዎ የጉሮሮ ጡንቻ ላልቶ የአየር መንገዱን ስለሚዘጋው ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ላይ ሲሆኑ ግን ቱቦ በጉሮሮዎ አልፎ የአየር ቧንቧዎ ውስጥ ገብቷል፤ የሚያስተነፍስዎ ማሽን ነው፤ አጠገብዎ የቆመ ባለሙያ ኦክስጅንዎንና የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰከንድ ሰከንድ ያያል። የሚዘጋ ጉሮሮ በዚያን ሰዓት የለም። አደጋው ያለው ቱቦው ከመግባቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች፣ ቱቦው ሲወጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋርድ ገብተው በሚያድሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነው።

ከቱቦው በፊት ያለው ጭንቀት የጊዜ ነው። በቂ ኦክስጅን ስቦ ትንፋሹ የቆመ ቀጭንና ጤነኛ ሰው ኦክስጅኑ ሳይወርድ 8 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በእርስዎ ክብደት ያለ ሰው ግን 3 ደቂቃም ላይሞላ ይችላል፤ ሆድ ሳንባን ከታች ስለሚገፋው ክምችቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ በጀርባዎ ዘርግተው አያስተኙዎትም። የጆሮዎ ቀዳዳ ከደረት አጥንትዎ የላይኛው ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ትከሻዎና ጭንቅላትዎ ከፍ ይደረጋል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ይስባሉ፤ ካሜራ ያለው የቱቦ ማስገቢያም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ቱቦው የሚወጣው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነቅተው፣ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት መልቀቁ በእጅዎ ነርቭ ላይ በሚደረግ መለኪያ ተረጋግጦ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል ነው ጣጣ የሚያመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ሌሊት። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶል፣ ለእንቅልፍ የሚሰጥ ዳያዜፓም፣ ሁሉም ትንፋሽን ያደክማሉ፤ ጉሮሮ ሲዘጋ «ንቂ» ብሎ የሚቀሰቅስዎትን የአእምሮ ደወልም ያፈዝዛሉ። ቤትዎ ውስጥ በሰዓት 38 ጊዜ ቢዘጋም 38 ጊዜ ነቅተው ተንፍሰዋል፤ መድኃኒቱ የሚወስድብዎት ይህን መንቃት ነው። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻው መሠረት ፓራሲታሞልና ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ማደንዘዣ እንዲሆን፣ የሞርፊን ወገን የሆነው ሁሉ በትንሹና ሲያስፈልግ ብቻ እንዲሰጥ አስቀድመው ይነጋገሩ። አልጋው ከራስጌው 30 ዲግሪ ያህል ቀና ይበል፤ ጣትዎ ላይ ድምፅ የሚያሰማ የኦክስጅን መለኪያ ይደር። በአፍንጫ የሚሰጥ ኦክስጅን ብቻውን አያዘናጋ፦ ቁጥሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ከሥር ግን ትንፋሹ እየዘገየ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል።

ለዚያ ሌሊት ዋናው መድኃኒት እርስዎ ጥግ ያስቀመጡት ሲፓፕ ነው። አየሩ የተሰፋውን ጨጓራ ይከፍተዋል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ግን ፍሳሽ እንደሚጨምር አላሳዩም። ስለዚህ የራስዎን ማሽንና ጭምብል ይዘው ይግቡ። ግን ያልለመዱትን ጭምብል ቁስል እያመመዎት አይለምዱትም፤ ዛሬ ይጀምሩ። መጀመሪያ ቀን ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን እያዩ ለ20 ደቂቃ ያድርጉት፤ ከዚያ በቀስታ የሚጀምር የግፊት ማስተካከያውን ከፍተው ይተኙበት፤ በሌሊት ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል መጠቀም እስኪችሉ። አፍንጫ ብቻ የሚሸፍነው ጭምብል ለሙቀት ይቀላል፤ የሲሊኮኑን ላብ በየጠዋቱ በሳሙና ይጠቡት፤ ቬንትሌተር ወደ እርስዎ ይዙር። የእርጥበት ማጠራቀሚያው ውስጥ የቧንቧ ውሃ አይጨምሩ፤ የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚያስቀምጥ ያበላሸዋል፣ የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከፍታ ሲጨምር ኦክስጅን ትንሽ ይወርዳል፣ የእንቅልፍ ትንፋሽም ሊባባስ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀናት ቀድመው ይሂዱና እዚያው በማሽኑ ይደሩ። አብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች ለከፍታው ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አሮጌ ከሆነ ሻጩን ይጠይቁ።

ጫቱ ያሰጋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራም ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያዘገያል፤ ማደንዘዣ ላይ ደግሞ ከጨጓራ ያልወረደ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲና የሚዋጠው የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ ጉሮሮን ይበልጥ ያላላሉ። ጫት ማቆም ለብዙ ቀናት የሚቆይ ድብርትና ድካም ሊያመጣ ስለሚችል ከቀጠሮው ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያቁሙ። ሺሻና ሲጋራ ካለም አብሮ። የመጨረሻዋ የቃሙባት ቀን መቼ እንደነበረች ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ፤ ማንም አይፈርድብዎትም።

ከመሄድዎ በፊት ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) እና የደም ምርመራ ያድርጉ፤ የእንቅልፍ ውጤትዎንም ወረቀት ይያዙ። በደም ምርመራው ላይ ባይካርቦኔት የሚባለውን ያስጨምሩ፤ 27 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቀንም አየር በደንብ እንደማያስወጡ ሊጠቁም ይችላል፣ ያኔ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ኢናላፕሪል ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ይቆማል፣ አምሎዲፒን ግን በትንሽ ውሃ ይወሰዳል፤ ከባለሙያው ሳይጠይቁ አይቀይሩ። ጠንካራ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት 8 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ሆስፒታሉ ጥብቅ ካደረገው የእነሱን ይከተሉ።

የማደንዘዣ ባለሙያውን ሲያገኙ አንዱን ጥያቄ አይዝለሉ፦ «የመጀመሪያው ሌሊት የት ነው የማድረው፣ የኦክስጅን መለኪያው ደወል ሲጮህ ማን ይሰማዋል?» ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለ ቀጠሮውን ማራዘም ወይም ሌላ ሆስፒታል መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ድሬ ሲመለሱ በባቡርም ሆነ በአውቶብስ በየሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ ለደም መርጋት። ክብደትዎ ሲቀንስ ማሽኑን በራስዎ አይተዉት፤ በደንብ ከቀነሱ በኋላ የእንቅልፍ ምርመራው ይደገምና የማሽኑ ግፊት ይቀነስ ወይም ማሽኑ ይቁም የሚለው በውጤቱ ይወሰናል።