ቤዝ ጊታር በጉልምስና ለሚጀምሩ፦ ስለ መሣሪያ ምርጫ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የባለ ክር መሣሪያዎች ጥገና ስለሆነ በዚያ በኩል ለሚመጡ ጥያቄዎች ረዘም ያለ መልስ እሰጣለሁ፤ በሌላው አጭር ብሆን እንዳትቀየሙኝ እለምናለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፦ የመደባችሁትን ገንዘብ በሙሉ ለጊታሩ ብቻ አታውሉት። ለማስተካከያ፣ ለአምፕሊፋየር ወይም ለጆሮ ማዳመጫ፣ ለመቃኛና ሰፋ ላለ ማንገቻ የሚበቃ ገንዘብ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ ከዚህ በፊት የሙዚቃ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። በአነስተኛ ገንዘብ የትኛውን ቤዝ ልግዛ?

መልስ፦ ባለ አራት ክርና ባትሪ የማይፈልግ ቤዝ ይግዙ። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን፣ በ1960 ደግሞ ጃዝ ቤዝን ካወጣ ወዲህ በርካታ የጀማሪ ቤዞች የሚሠሩት ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን አቀላቅለው በመከተል ነው። የጃዝ ቤዝ አንገት በጊታሩ ራስ በኩል ስፋቱ 38 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ከፕሪሲዥን ይጠብባል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በእጅዎ ይዘው ይለዩ። ስኳየር፣ ያማሃና አይባኔዝ ለጀማሪ የሚሠሯቸው ቤዞች ሁሉ ለመማር ይበቃሉ። በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ጊታሮች እንኳ እኩል የተስተካከሉ ስለማይሆኑ፣ ከስሙ ይልቅ ፊትዎ ያለውን ጊታር ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ ጣቶቼ አጫጭር ናቸው። ቤዝ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆናል። በተለመደው ቤዝ ላይ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86.4 ሴንቲሜትር ነው፤ በዚህ ልክ ከአንገቱ ጫፍ እስከ አራተኛው ፍሬት (ፍሬት ማለት በአንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ ነው) ያለው ርቀት 178 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። 30 ኢንች በሆነው አጭር ቤዝ ላይ ይኸው ርቀት ወደ 157 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ለአዋቂ እጅ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። አጭር ቤዝ የልጆች መሣሪያ እንዳይመስልዎ፤ ፖል ማካርትኒ ከቢትልስ ጋር የተጫወተበት የቫዮሊን ቅርፅ ያለው ሆፍነር አጭር ቤዝ ነው። ረጅሙን ከመረጡም፣ በታችኞቹ ፍሬቶች ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት ለመዘርጋት አይታገሉ፤ የኮንትራባስ፣ ማለትም ቆመው የሚጫወቱት የትልቁ ቤዝ፣ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት በአመልካች፣ በመካከለኛና በትንሿ ጣት ሦስት ፍሬት ብቻ ይሸፍኑና እጅዎን ያንቀሳቅሱ። የእጅ አንጓዎ ካመመዎ ወዲያውኑ ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ማስተካከያ ሲባል ምን ማለት ነው? አዲስ ጊታር ገዝቼ ለምን እንደገና ገንዘብ እከፍላለሁ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በመደበኛ ቅኝት ላይ ያሉ አራት ክሮች አንገቱን በድምሩ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ይስባሉ፤ እንጨት ደግሞ እንደ አየሩ እርጥበትና ድርቀት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከፋብሪካ በደህና የወጣ ጊታር እንኳ እናንተ ዘንድ ሲደርስ አንገቱ ጎብጦ ወይም ከልክ በላይ ቀንቶ ሊገኝ ይችላል። ጀማሪው ግን ክሩ ከፍ ብሎ ጣቱን ሲያሳምመው ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በዕድሜው ላይ ያደርጋል፤ «እጄ ደርቋል» ብሎ የሚተውም ብዙ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ያልተስተካከለ ጊታር ይዛችሁ በእጃችሁ ላይ አትፍረዱ።

አሠራሩ ይህ ነው። አስቀድማችሁ ጊታሩን ቃኙ። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ተጭናችሁ፣ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፤ 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ መልካም ነው። ክፍተቱ ከዚህ በጣም ከበዛ፣ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ዘንግ፣ ማለትም ትረስ ሮዱን፣ በማጥበቅ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩት፤ ካዞራችሁም በኋላ እንደገና ቃኝታችሁ ለኩ። ቀጥሎ በብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ በገላው ላይ በሚያርፉበት ክፍል፣ ላይ ክሩን የሚሸከሙትን ትንንሽ ብረቶች ከፍና ዝቅ በማድረግ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር እንዲሆን አድርጉ። በመጨረሻም በ12ኛው ፍሬት ተጭናችሁ የምታገኙትን ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ክሩን ነካ በማድረግ ብቻ ከሚወጣው ሃርሞኒክ ጋር አነጻጽሩ፤ የተጫናችሁት ድምፅ ከቀጠነ የብሪጁን ትንሽ ብረት ወደ ኋላ ሳቡ። ትረስ ሮዱ የአንገቱን ጉብጠት ለማረም እንጂ የክሩን ከፍታ ለማውረድ የተሠራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ርካሽና ጥሩ የሆነው ቤዝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ቤዝ መግዛት አያሰጋም?

መልስ፦ መርምሮ ለሚገዛ አያሰጋም፤ እንዲያውም በአነስተኛ ገንዘብ የተሻለ መሣሪያ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከራሱ በኩል አንገቱን ወደ ታች አሻግረው ይመልከቱ፤ ጉብጠት ይታረማል፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አንገት ግን በቀላሉ ስለማይታረም ይተዉት። ትረስ ሮዱ እንደሚዞር ባለቤቱ ያሳይዎ። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ያሰሙ፤ ክሩ በፍሬቶቹ ላይ ጥልቅ ጎድጓዳ ከቆፈረባቸው ጥገናው ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር መንኮሻኮሹ ብዙውን ጊዜ ከአቧራ የሚመጣ ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

አንድ አባል፦ ለአዋቂ ጀማሪ ፍላትዋውንድ የሚባለውን ለስላሳ ክር እመክራለሁ፤ ጣት አይልጥም። የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጄመርሰንም የሚጫወተው በዚሁ ነበር።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ፍላትዋውንድ ውድ ነው፤ ድምፁም የታፈነ ስለሆነ ጀማሪው ስሕተቱን አይሰማውም። ራውንድዋውንድ የሚባለው ሻካራው ክር ይሻላል።

አንድ አባል፦ የታፈነ ሳይሆን የሞላ ድምፅ ነው። ደግሞም ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል ውድ ሊባል አይገባም።

መልስ፦ ክርክራችሁ የጣዕም ስለሆነ ማለቂያ የለውም፤ ጀማሪው ጊታሩ ላይ ባገኘው ክር ይጀምር። ሆኖም ክር ስትቀይሩ ስበቱ ስለሚለወጥ አንገቱ እንደገና ይለካል፤ አሁንም ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የሊድ ጊታር አምፕሊፋየር አለ። በእሱ ልጫወት?

መልስ፦ በዝቅተኛ ድምፅ ይቻላል፤ ከፍ ካደረጉት ግን ስፒከሩ ሊበላሽ ይችላል። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ትንሽ ስፒከር መሠረታዊውን ድምፅ አያወጣውም፤ የሚሰማዎ ከእሱ በላይ ያሉት ድምፆች ናቸው። ለቤት ከ15 እስከ 30 ዋት ያለው የቤዝ አምፕሊፋየር ይበቃል፤ ከድራም ጋር ለመጫወት ግን አይበቃም። ቤተሰብ እንዳይረበሽ ከፈለጉ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ፤ ማዳመጫውን በቀጥታ ጊታሩ ላይ ቢሰኩት ግን አይሠራም።

ጥያቄ፦ ባለ አምስት ክር ቢሆንስ? ድምፅ የሚለውጡት በእግር የሚረገጡ ኢፌክት ፔዳልስ ያስፈልጉኛል?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱም አያስፈልጉዎትም።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ሰዓት ልለማመድ?

መልስ፦ ይህን አስተማሪ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቤዝ ይንጫጫል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ክር? በየትኛው ፍሬት? ይህን ሳይነግሩኝ ልመልስ አልችልም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፤ ወፍራሙ ክር ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ፍሬት ብቻ። ከዚያ በላይ ንጹሕ ነው።

መልስ፦ አሁን ጥያቄው ግልጽ ሆነ። አንገቱ ከልክ በላይ ሳይቀና አልቀረም። ክፍተቱን ከላይ እንደገለጽኩት ይለኩ፤ ክሩ ፍሬቶቹን ጨርሶ የሚነካ ከሆነ ትረስ ሮዱን በሩብ ዙር ያላሉት፣ ይቃኙ፣ በማግሥቱም እንደገና ይለኩ። ክፍተቱ ልክ ሆኖ መንጫጫቱ ካልቆመ ከፍ ያለ ፍሬት ይኖራልና ለባለሙያ ያሳዩት። ዘንጉ አልዞር ካለ በጉልበት አያስገድዱት።