ርካሽ ስኮፕ ገዝታችሁ ወደ ተኩስ ሜዳ ለምትወጡ

ውድ ወጣቶች፣

በ150 ወይም በ200 ዶላር ስኮፕ (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር) ገዝቶ ጠመንጃ ላይ መግጠም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሱቅ ውስጥ ግን አብዛኞቻችሁ የምታደርጉት አንድ ነው፤ ስኮፑን አንስታችሁ በመስኮት ማዶ ያለውን ታፔላ ታዩበትና «ጥርት ያለ ነው» ብላችሁ ትከፍላላችሁ። ዛሬ በዚህ ዋጋ የሚመጣ ሌንስ በቀን ብርሃን 100 ያርድ ላይ ያለ ወረቀት ለማሳየት አያንስም። ፋብሪካው ወጪ የሚቆጥበው ከማይታየው፣ ከውስጡ ነው።

በስኮፑ ቱቦ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። ከላይና ከጎን ያሉት ተሬቶች (የማስተካከያ ቁልፎች) ይህን ቱቦ በብሎን ጫፍ ይገፉታል፤ በተቃራኒው በኩል ደግሞ ሞላ አለ። ተሬቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ስታዞሩ ብሎኑ ይገፋል። ወደ ሌላው ስታዞሩ ግን ብሎኑ ይሸሻል እንጂ ቱቦውን አይስብም፤ ቱቦውን ተከትሎ የሚያመጣው ሞላው ነው። ሞላው ከደከመ ወይም ቱቦው ቅባት ላይ ከያዘ፣ ክሊኩን (ተሬቱ ሲዞር «ቀጭ» የሚልበትን እያንዳንዱን እርምጃ) ቆጥራችሁ ብታዞሩም ቱቦው ካለበት አይነቃነቅም፤ ቀጣዩ ተኩስ ሲያናውጠው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ካስተካከላችሁ በኋላ የመጀመሪያው ጥይት በድሮው ቦታ አርፎ ሁለተኛው በአዲሱ ካረፈ በሽታው ይኸው ነው። ተሬቱን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈውስም። ፍተሻችሁ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የታዘዘበት ይሄዳል ወይ? ሲመለስስ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ?

ከዚያ በፊት ግን አገጣጠሙ። «ስኮፑ አልረባም» ከሚባልባቸው ጊዜያት በብዙዎቹ የላላው ሥሩ ያለው ብሎን ነው። የመሠረቱን ብሎኖች ፍቱ፣ ዘይቱን በአልኮል ጥረጉ፣ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ መልሱ። ስኮፑን የሚይዙትን ቀለበቶች የላይኛ ክዳን ብሎኖች በኃይል መለኪያ ቁልፍ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ አጥብቁ፤ ከቀለበቱ ጋር የመጣው ወረቀት ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን ወረቀቱን እመኑ። አንዱን ብሎን ጨርሶ ጠርቅሞ ወደ ሌላው መሄድ ክዳኑን ያጣምመዋል፤ የመኪና ጎማ ብሎን እንደሚጠብቀው በመስቀል እያፈራረቃችሁ፣ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል እንዲሆን አድርጉ። ያለመለኪያ በጉልበት የሚጠረቅም ሰው ስስ የአልሙኒየም ቱቦ ይጨፈልቃል፤ ተጨፍልቆ የያዘ ቱቦ ደግሞ ከላይ ያልኩትን በሽታ ራሱ ይፈጥራል።

የዓይን ርቀት፣ ማለትም ዓይን ከስኮፑ የኋላ መስታወት የሚርቅበት፣ የሚለካው በከፍተኛው ማጉያ ላይ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉና ግለጡ። ዙሪያውን ጥቁር ጥላ ካያችሁ፣ ጥላው እስኪጠፋ ስኮፑን ወደፊት ወይም ወደኋላ ውሰዱ። ብዙዎቹ ስኮፖች ከ3 እስከ 4 ኢንች ይፈልጋሉ። አቅርቦ የገጠመ ሰው ጠመንጃው ሲራገጥ ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ይተርፈዋል። በስኮፑ ውስጥ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስቀል ለማጥራት ደግሞ ነጭ ግድግዳ ወይም ፀሐይ የሌለበትን ሰማይ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ብቻ እያያችሁ በዓይን በኩል ያለውን የስኮፑን ቀለበት አዙሩ። አፍጥጣችሁ ከቆያችሁ ዓይን ራሱ ያስተካክልና ያታልላችኋል።

መስቀሉ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ የግንበኛ ቱምቢ ይበቃል። ክር ላይ ክብደት አስራችሁ ከዒላማው አጠገብ አንጠልጥሉ፤ ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተካክሉና የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር አጋጥሙ። ይህን ንቀው የሚያልፉት አሉ። ስኮፑ 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘም፣ ተሬቱን 30 ኤም.ኦ.ኤ. (የማዕዘን መለኪያ ነው፤ አንዱ የዲግሪ 1/60ኛ) ወደ ላይ ስታዞሩ ጥይቱ 100 ያርድ ላይ 1.6 ኢንች ያህል ወደ ጎን ይሸሻል፤ ያኔ ጥፋቱ በሌለበት ስኮፑ ይረገማል።

ሜዳ ላይ፦ መጀመሪያ 25 ያርድ። ጠመንጃው በመቀርቀሪያ የሚሠራ ከሆነ መቀርቀሪያውን አውጡና በበርሜሉ ቀዳዳ ዒላማውን መሃል አስገብታችሁ እዩ፤ ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅሱ መስቀሉን ወደዚያው አምጡ። አንድ ኤም.ኦ.ኤ. በ100 ያርድ 1.047 ኢንች ነው። አንዱ ክሊክ ሩብ ኤም.ኦ.ኤ. ከሆነ በ100 ያርድ ለአንድ ኢንች 4 ክሊክ፣ በ25 ያርድ 16 ክሊክ ያስፈልጋል። «አሥር ክሊክ አዞርኩ፣ ምንም አልተነሳም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሒሳብ ይመጣል። 100 ያርድ ላይ ጥይቶቹ 3 ኢንች ዝቅ፣ 2 ኢንች ወደ ግራ ካረፉ፣ 12 ክሊክ ወደ ላይ፣ 8 ወደ ቀኝ ነው። ስኮፑ በሚል (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) የተሠራ ከሆነ አንዱ ክሊክ፣ ማለትም 0.1 ሚል፣ በ100 ያርድ 0.36 ኢንች ነው። በአንድ ጥይት ተሬት አትንኩ፤ አምስት ተኩሱና የስብስቡን መሃል ፈልጉ። ቀጭን በርሜል ሲግል ጥይቱን ስለሚያንከራትት፣ ከአምስት ጥይት በኋላ እስኪበርድ ታገሡ።

ስኮፑ ዜሮ ከሆነ፣ ማለትም ጥይቱ ያለማችሁበት ማረፍ ከጀመረ በኋላ፣ ዋናው ፍተሻ የሳጥን ፍተሻ ነው። ሰፊ ወረቀት ስቀሉ፣ ከታች በግራ በኩል አንድ ነጥብ አድርጉ፣ ሁልጊዜም ወደዚያች ነጥብ ብቻ አልሙ። ሦስት ተኩሱ። 40 ክሊክ ወደ ላይ፣ ሦስት። 40 ወደ ቀኝ፣ ሦስት። 40 ወደ ታች፣ ሦስት። 40 ወደ ግራ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት። በድምሩ 15 ጥይት ነው። በ100 ያርድ እያንዳንዱ ጎን 10.5 ኢንች ያህል መሆን አለበት፣ የመጨረሻዎቹ ሦስትም ከመጀመሪያዎቹ ጋር መቀላቀል አለባቸው። ጎኑ 10.2 ወይም 10.8 ቢሆን አልጨነቅበትም፤ ልዩነቱ ከራሱ ከጥይቱ መበታተን ሊመጣ ይችላል። የመጨረሻው ስብስብ ሁለት ኢንች ርቆ ካረፈ ግን ያ ስኮፕ አይታመንም። በ25 ያርድ የቤት ውስጥ ሬንጅ (ተኩስ ሜዳ) ይህን ፍተሻ አታድርጉት፤ 40 ክሊክ፣ ማለትም 10 ኤም.ኦ.ኤ.፣ እዚያ 2.6 ኢንች ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ ተደብቆ ያልፋል።

ርቀቱንም በሜትር ወይም በሌዘር ለኩ። «100 ያርድ» የሚል ሰሌዳ ያለበት ቦታ 97 ያርድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 20 ኤም.ኦ.ኤ. በ20.9 ኢንች ፋንታ 20.3 ያሳያችኋል፣ እናንተም ስኮፑ 3 በመቶ ጎደለ ትላላችሁ።

ለጥይት ገንዘብ ካጠረ ያለ ተኩስም ይለካል። ባዶውን ጠመንጃ በከባድ የአሸዋ ከረጢቶች መካከል እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ፣ በኢንች የተሰመረ ወረቀት 100 ያርድ ላይ ስቀሉና ተሬቱን እያዞራችሁ መስቀሉ ስንት መስመር እንደሄደ ቁጠሩ። እንዲያውም የክሊኩን ልክ ለማወቅ ከተኩሱ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ የእጅና የጥይት ስህተት አይገባበትም። የሞላውን ጉልበት ግን አይነግራችሁም፤ እሱ የሚታወቀው ጠመንጃው ሲራገጥ ነው።

እዚያው እንዳላችሁ ፓራላክሱንም እዩ። ጠመንጃውን ሳትነኩ ጭንቅላታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ጉንጫችሁ በተቀየረ ቁጥር ጥይታችሁም ይቀየራል። ማስተካከያ የሌላቸው የትልቅ ጠመንጃ ስኮፖች ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ ለ100 ያርድ፣ የትንሿ .22 ጥይት ጠመንጃ ስኮፖች ደግሞ ለ50 ወይም 60 ያርድ የተስተካከሉ ናቸው፤ የ.22 ስኮፕ 100 ላይ ትንሽ ቢንሸራተት ብልሽት አይደለም።

የማጉያውን ቀለበት አትርሱ። ስኮፑ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ በ9 አምስት፣ በ3 አምስት ተኩሱ፤ በ3 ስብስቡ ቢሰፋ የዓይን ጉዳይ ነው፣ መሃሉ ከተዛወረ ግን የስኮፑ ነው። በመስቀሉ ላይ መለኪያ ጭረቶች ካሉና ማጉያው ሲጨምር መስቀሉ አብሮ የማያድግ ከሆነ፣ ጭረቶቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ ማጉያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው ብቻ ነው።

ጥንካሬን በ.22 መፈተን ከንቱ ነው፤ አይራገጥም። ስኮፑን በኋላ የምትጠቀሙበት ጠመንጃ ትልቁን .308 ጥይት የሚተኩስ ከሆነ በ.308 ፈትኑት፤ 40 ወይም 60 ጥይት ከተኮሳችሁ በኋላ ወደ ዜሮው ተመልሳችሁ አምስት ጨምሩ። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ያላቸው ይጠንቀቁ፤ እሱ ወደኋላም ወደፊትም ስለሚመታ፣ ለእሱ ያልተሠራ ስኮፕን ከትልቅ ጠመንጃ ይልቅ ይሰብራል።

ስለ ደህንነት አንዲት ነገር ብቻ፣ ስኮፕ የሚፈትን ሰው በተለይ የሚሳሳትባትን። ተኩስ ቆሞ ሰዎች ወደ ዒላማው ሲሄዱ ጠመንጃው መቀርቀሪያው ተከፍቶ፣ ጥይት የሌለው ሆኖ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። «የት እንዳረፈ ልይ» ብሎ በስኮፑ ማየትም መንካት ነው፤ በማዶ ሰው ቆሟል። ለማየት ከተፈለገ ባለ እግር መነጽር ይዛችሁ ሂዱ።

አሜሪካ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ። የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ቪዛ ላለው ሰው እንደ አደን ፈቃድ ያለ የተወሰነ ምክንያት ከሌለው በቀር መሣሪያም ጥይትም መያዝን ይከለክላል፤ ሬንጅ ላይ ተከራይቶ መተኮስም መያዝ ነው። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁም ጠበቃ ሳታማክሩ አትሞክሩት። አገር ቤት ላለ አጎት ብላችሁ ስኮፕ ሻንጣ ውስጥ መክተትም አይሆንም። አሜሪካ ስኮፕን ከአገር ሲወጣ ከምትቆጣጠራቸው ዕቃዎች ትመድበዋለች፤ በኢትዮጵያ በኩልም የመሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታይ ነገር ነው።

ሻጩ ዕቃ የሚመልስበት ቀን ሳያልፍ ፈትኑ፤ ሳጥኑንና ወረቀቱን አትጣሉ። የምትመልሱት ከሆነ «አይሠራም» ብላችሁ አትጻፉ። የሳጥን ፍተሻውን ወረቀት ከሜትር ጋር ፎቶ አንሱ፣ የተለካውን ርቀት፣ የክሊኩን ቁጥር፣ የጥይቱን ዓይነትና ብሎኖቹን ያጠበቃችሁበትን ኃይል ጻፉበት። ቱቦው ላይ የቀለበት ጥርስ ምልክት ካለ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው፤ ሳጥኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።