የጭስ መለኪያው ንባብ ሲወርድ ከሩቅ ምን ይታያል?

ሰላም ወንድሜ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የቦይለሩ ጭስ መለኪያ ላይ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ንባብ እየወረደ ነው፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በኢንተርኔት ከሩቅ መለኪያው ውስጥ ገብተን ብናስተካክለውስ ብለሃል። ምን እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል። መጠገኑ ግን የሰው እጅ ይፈልጋል።

እኔም እዚሁ ባህር ዳር ዙሪያ አንድ ፋብሪካ ላይ ይሄው ገጥሞኛል። ቁጥሩ ሲወርድ «ጭሳችን ጸዳ» ተብሎ ደስታ ሆነ። ነዳጁ ያው ፈርነስ (ሰልፈር ያለበት ወፍራም ጥቁር ዘይት)፣ ቦይለሩም ያው። ታዲያ ሰልፈሩ የት ገባ?

ማታ ከቤቴ ሆኜ ገባሁና ሰልፈሩን ትቼ ሌሎቹን አየሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አልተነቃነቀም፣ ኦክስጅንም እንደነበረ ነው። ጭሱን ወደ መለኪያው የሚያደርሰው የናሙና ቱቦ ከውጭ አየር ቢያስገባ ኖሮ ኦክስጅኑ በንጹህ አየር ወዳለው 20.9 ፐርሰንት ይጠጋል፣ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ይቀንሳሉ። ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ብቻውን ከጎደለ ግን ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ እየበላው ይሆናል፣ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟልና። የናሙና ቱቦውን ሙቀት ግራፍ ከፈትኩ። 180 ዲግሪ መሆን ያለበት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር እጅግ ይወርዳል! ተረኛው ኦፕሬተር በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፤ የቱቦው መሸፈኛ ተቀዶ በዝናብ ርሷል። ተቀየረ፣ ቱቦው ደረቀ፣ ሰልፈሩም ተመለሰ። ደስታው ግን አልተመለሰም።

አደራ፣ ጥፋቱ ሳይገኝ ስፓኑን (ንባቡን መጠኑ ከታወቀ ጋዝ ጋር የሚያስማማውን ማስተካከያ) ከሩቅ እንዳትነካ። ስህተቱን አጽድቀህ ቁጭ ትላለህ። መፈተሻ ጋዙንም በመለኪያው ጀርባ ሳይሆን በፕሮቡ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ናሙና በሚቀዳው ጫፍ በኩል ስጠው። በጀርባ ከሰጠኸው መለኪያውን ብቻ ነው የምትፈትነው፣ ቱቦው ቢበላሽም «ደህና ነኝ» ይልሃል።

የኛ ከተማ ሌላው ጣጣ ከፍታው ነው። 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆንን የአየር ግፊታችን ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የግፊት ማካካሻ የሌለው፣ እዚህም በመፈተሻ ጋዝ ያልተስተካከለ መለኪያ አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። ንጹህ አየር ስጠው፤ ኦክስጅኑ 20.9 በማለት ፈንታ 17 አካባቢ ካለህ መጀመሪያ ግፊቱን ጠርጥር።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ቱቦው እስኪሞቅ ያለውን ንባብ አትመን።

እስቲ የቱቦውን ሙቀት፣ የናሙናውን ፍሰትና የኦክስጅኑን ግራፍ እዚህ ለጥፍልን። የሳምንቱን ይሁን፣ ዝናብ የጣለባቸውን ሰዓቶችም ጻፍባቸው።