አንድ ተዳፋት፣ ሁለት ስኪ፦ ከጅማ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ

ኦስትሪያ ውስጥ፣ ቲሮል በሚባለው ተራራማ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የስኪ ኪራይ ቤት አራት የሥራ ወቅት አሳልፌያለሁ። ስኪ ማለት ከቦት ጋር ተያይዞ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ቦት እለካለሁ፣ ስኪ እስላለሁ፣ ለሰውየው የሚሆነውን መርጬ እሰጣለሁ። ዘንድሮ ለእረፍት ጅማ ስመጣ ስልኬ ላይ ያለ አንድ ቪዲዮ ከቤት ቤት ዞረ። በአንድ ቀን አንዱን ተዳፋት በሁለት ዓይነት ስኪ ስወርድ የሚያሳይ ነው። አንደኛው ኦል ማውንቴን ይባላል፤ ለተራራው ሁሉ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው ፓውደር ነው፤ ጥልቅና ለስላሳ በረዶ ላይ እንዲሄድ የተሠራ። ቡና በተፈላበት ሁሉ ጥያቄው አላልቅ አለ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ለትምህርት የቲሮል ዋና ከተማ ወደሆነችው ኢንስብሩክ ሊሄድ ስለሆነ የምሩን ነው የሚጠይቀው። ጥያቄዎቹን ጽፌ ያዝኳቸው፤ መልሱም ይኸው።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላጥራ። ጅማ ላይ በረዶ ስንል ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ነው። የስኪው ግን እሱ አይደለም፤ እንደ ጥጥ ብናኝ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው። አያቶቻችን አመዳይ የሚሉት ቃል ይቀርበዋል። ስለዚህ አዲስ የወረደውን አመዳይ፣ ተረግጦ የጠነከረውን በረዶ እያልኩ እለያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። በምንድን ነው የሚለያዩት?

መልስ፦ ወገባቸውን እይ። እግር በሚቆምበት ቦታ ላይ ያለው ስፋት ወገብ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። ለተስተካከለ መውረጃ ብቻ የሚሠሩት ከ65 እስከ 80 አካባቢ ናቸው። ኦል ማውንቴን ከ85 እስከ 105 ይደርሳል። ፓውደር ከ108 ገደማ ይጀምርና 120ንም ያልፋል። እኔ የሞከርኳቸው 96 እና 116 ነበሩ። ልዩነቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ አውራ ጣት ስፋት ነው። እጅ ላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። በረዶው ላይ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰፊው አይሰምጥም።

ሁለተኛው ልዩነት ቅርጻቸው ነው። ኦል ማውንቴኑን ወለል ላይ አስቀምጠህ ከጎን ብታየው መሃሉ ትንሽ ተነስቶ ታገኘዋለህ፤ በስሩ ወረቀት ያሳልፋል። ይህ ካምበር ይባላል። ስትቆምበት ቅስቱ ይተኛና የብረቱ ጠርዝ በአብዛኛው ርዝመቱ በረዶውን ይነክሳል። ፓውደሩ ደግሞ አፍንጫው ከሩቅ ጀምሮ እንደ ታንኳ ወደ ላይ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ኋላውም እንደዚያው ነው። ይህኛው ሮከር ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ኦል ማውንቴኖችም አፍንጫቸው ላይ ትንሽ ሮከር አላቸው።

ጥያቄ፦ (ከአንድ የፊዚክስ መምህር) ሰፊ ስለሆነ አይሰምጥም ብለህ አለፍከው። ቁጥሩን አሳየን።

መልስ፦ እሺ መምህር። ከነልብሴና ከነዕቃዬ 75 ኪሎ ልበል። በቦት ብቻ ብቆም ሁለቱ ሶሎች ተደምረው 600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ናቸው። እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 125 ግራም ይሸከማል ማለት ነው። እስከ ጭን የምሰምጠው ለዚህ ነው። 177 ሳንቲ ሜትር በሚረዝመው ኦል ማውንቴን ስፋቱ ወደ 3,900 ያድግና ጫናው ወደ 19 ግራም ይወርዳል። 184 በሚረዝመው ፓውደር ደግሞ ወደ 4,600 ካሬ ይጠጋል፤ ጫናው 16 ግራም ገደማ ነው።

ከ19 ወደ 16 ትንሽ ነው ቢሉኝ እውነትዎን ነው። ቆመው ሲያዩት ትንሽ ነው። ልዩነቱ የሚጎላው በእንቅስቃሴ ነው። የተነሳው አፍንጫ አመዳዩን ወደ ታች እየገፋ ራሱን ያነሳል፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥርም ይበልጥ ይንሳፈፋል። አመዳዩም እኮ አብዛኛው አየር ነው። አዲስ ከወረደው አንድ ሜትር ኩብ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢመዝን ነው። በማሽን የተደመደመው በረዶ ደግሞ 400 እና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ውሃ 1,000 መሆኑን ያስቡ። ሰኔ ላይ ህርማታ በኩል ጭቃው ሲያስቸግር ሳንቃ ጥለን የምንሻገረው በዚሁ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ስትሞክራቸው ምን ተሰማህ? ከቁጥሩ ይልቅ እሱን ንገረን።

መልስ፦ ቦታው አርልበርግ የሚባለው የኦስትሪያ የስኪ አካባቢ ነበር። ሌሊቱን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አመዳይ ሲወርድ አድሯል። ጠዋት ሰማዩ ጠራ፤ ብርዱ አፍንጫ ውስጥ ያለውን ፀጉር ያደርቃል። መጀመሪያ ኦል ማውንቴኑን አጠለቅሁ። ከመውረጃው ጠርዝ አለፍ እንዳልኩ አፍንጫው ገባ። ሰውነቴን ወደ ኋላ ጣል ካላደረግሁ አይወጣም። በየመታጠፊያው እግሬን ከጭቃ እንደሚነቅል ሰው እየነቀልኩ ወረድኩ። ይወርዳል፤ አይወርድም አልልም። ታች ስደርስ ግን ጭኔ እየተቃጠለ ነበር። ትንፋሼን ለመሰብሰብ ሦስቴ ቆሜያለሁ።

ሽቅብ ተመልሼ ፓውደሩን አሰርኩ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሜትሮች የጠበቅሁት መስመጥ አልመጣም። አፍንጫዎቹ ከአመዳዩ በላይ ብቅ ብለው ይታዩኛል፤ ከጎንና ከጎናቸው ነጭ ብናኝ ይተናል። መሃል ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። መታጠፍ ስፈልግ ጠርዝ አልጫንኩም፤ ቁርጭምጭሚቴን ብቻ ገፋ አደረግሁ፣ ሁለቱም አብረው ዞሩ። ያንኑ ተዳፋት ሳልቆም ጨረስኩት። ታች ደርሼ ወደ ላይ ቀና ብዬ የሳልኩትን መስመር ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስድስት ወር ሙሉ ደጁ ላይ የምሠራለት ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ተዳፋቱን ብዙ ሰው ረገጠው፤ ጥላ የገባበት ክፍል ድንጋይ ሆነ። ፓውደሩ እዚያ ላይ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመዞር ዘገየ። አፍንጫው በረዶውን ስለማይነካ ይንቀጠቀጣል፣ ታ ታ ታ ይላል። ኦል ማውንቴኑን መልሼ ስይዝ መሬት የረገጥኩ ያህል ነበር። ጠርዙ ነከሰ፤ እኔም ተረጋጋሁ።

ስለዚህ የትኛው ይሻላል ለሚለኝ መልሴ በሰዓት የተከፈለ ነው። በሦስት ሰዓት ፓውደር፣ በዘጠኝ ሰዓት ኦል ማውንቴን።

ጥያቄ፦ (ከአንዲት እናት) ልጄ፣ ጉልበትህ አይጎዳም ወይ?

መልስ፦ ስለሚያስቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። አመዳዩ ጥልቅ ከሆነ ለጉልበት ምቹ ነው። ጠንካራ በረዶ ላይ ግን ሰፊው ስኪ ያደክማል፤ ጠርዙ ከእግር መሃል ስለሚርቅ እሱን ለማጋደል ጉልበት ብዙ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ በጠንካራ በረዶ ላይ በሰፊ ስኪ የዋለ ሰው ማታ ደረጃ ሲወጣ ይታወቃል። ደግሞ ቦቱን ከስኪው ጋር የሚይዘው ባይንዲንግ ሲወድቁ እንዲለቅ ተደርጎ ይስተካከላል። በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በቦት ሶል ርዝመትና በችሎታ ተሰልቶ ቁጥር ይሰጠዋል። ኪራይ ቤት ክብደት ስንጠይቅ የሚዋሹ አሉ። እባካችሁ አትዋሹ፤ ያ ቁጥር እግር ያድናል።

ጥያቄ፦ (ፈረንጅ አራዳ ከሚሠራ የብስክሌት ጠጋኝ) ቅባት ይቀባል ወይስ እንዲሁ ነው የሚሄደው?

መልስ፦ ይቀባል ወንድሜ፣ አንተ ብታየው ትወደው ነበር። የስሩ ላስቲክ መሰል ነገር ፖሊኢቲሊን ነው። በጋለ ካውያ ሰም አቅልጠህ ታሰርገዋለህ፣ ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ መፋቂያ ትፍቀዋለህ፣ ከዚያ ብሩሽ። ለየሙቀቱ የተለያየ ሰም አለ፤ ብርዱ ሲበረታ ጠጠር ያለው ይፈለጋል። ድሮ ፍሎራይን ያለበት ሰም ለእሽቅድምድም ይቀባ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከእ.ኤ.አ. 2023/24 ወቅት ጀምሮ በውድድሮቹ ከልክሎታል። የብረቱን ጠርዝ በሞረድ እንስለዋለን፤ የጎኑ ማዕዘን ብዙ ጊዜ 88 ወይም 89 ዲግሪ ነው። ኦል ማውንቴን ከመጣ ጠርዙ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ። ፓውደር ከመጣ ሰሙ ላይ።

ጥያቄ፦ (ኢንስብሩክ ከሚሄደው ልጅ) የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዛ። ከገዛህ መጀመሪያ ቦት ግዛ። ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን ሊነካ፣ ጉልበትህን ስታጥፍ ደግሞ ሊሸሽ ይገባል። ልክ ያልሆነ ቦት ያደረገ ሰው በምንም ስኪ አይደሰትም።

ስኪውን የመጀመሪያውን ዓመት ተከራይ። ወገቡ ከ75 እስከ 85 ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ቁመቱ አገጭህ አካባቢ የሚደርስ ይሁን። ሰፊ ስኪ ያምራል፤ ጀማሪን ግን ጠርዝ መጠቀም ሳያስተምረው ይቀራል። ኪራይ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ የማየው ስህተት ይህ ነው፤ የቪዲዮውን ስኪ አምጡ ይላሉ፣ በማግስቱ ተናደው ይመልሳሉ። ሁለትና ሦስት ወቅት ከቆየህና አንድ ብቻ ልግዛ ካልክ ከ90 እስከ 100 ያለ ኦል ማውንቴን ውሰድ። አመዳይ በብዛት የሚወርድባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ለእነሱ ፓውደር በቀን ሂሳብ ትከራያለህ፤ ያን ጊዜ ከለመድከው ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ብትመርጥ አይከብድህም።

ጥያቄ፦ (ከዚሁ ልጅ) እሺ፣ ፓውደሩን ተከራይቼ ካልተረገጠው ልግባ?

መልስ፦ ብቻህን በፍጹም። እዚህ ላይ አልለማመጥህም። የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ነው፤ ፓውደር የሚያምረውም እዚያው ላይ ነው። ናዳውን ብዙ ጊዜ የሚያስነሳው ራሱ ተንሸራታቹ ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ተቀብሮ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልወጣ ሰው የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ አይጠበቅም፤ የሚያወጡህ አጠገብህ ያሉት ናቸው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ሰው ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ሰውነቱ ላይ፣ አካፋና ረጅም መውጊያ ዘንግ ደግሞ ቦርሳው ውስጥ የሚይዘው። ይዞ አለመጠቀምም አለ፤ አጠቃቀሙን ተለማመድ። ጠዋት ጠዋት የናዳ አደጋ ደረጃ ይወጣል፣ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ሲባል መካከለኛ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በ3 ነው። እናትህ ይህን መልስ እንድታነብ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ስኪ ጠፍቶብህ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ። እዚያው ጠዋት፣ በሦስተኛው መውረጃ ወደቅሁ። ባይንዲንጉ እንደሚገባው ለቀቀ፣ ግራው ስኪ አመዳዩ ውስጥ ገባ። የወደቅሁበትን ቦታ ትቼ ወደ ታች ፈለግሁ፤ ስህተቴ እሱ ነበር። አርባ ደቂቃ ቆፈርኩ። የተገኘው ከወደቅሁበት ሁለት ሜትር ሽቅብ፣ አንድ ክንድ ስር ነው። አሁን ጥልቅ አመዳይ ሲኖር ደማቅ ቀይ ጥብጣብ ባይንዲንጉ ላይ አስሬ ጫፉን ሱሪዬ ውስጥ እሸጉጣለሁ። ሲወድቁ ጥብጣቡ ላይ ላዩን ይቀራል።

ጥያቄ፦ ይህን ሰፊ ስኪ ማን አሰበው?

መልስ፦ ሰፋ ያሉ ስኪዎች በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ጀምረዋል። ሮከሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ግን ሼን ማክኮንኪ የተባለ ስመ ጥር የስኪ ተንሸራታች ነው። የውሃ ላይ ስኪ አላስካ ድረስ ወስዶ በአመዳይ ላይ ወረደበት፤ ከዚያ ሐሳብ የወጣው ስፓቹላ የተባለው ስኪ በእ.ኤ.አ. 2002 ገበያ ገባ። አመዳይን እንደ ውሃ ማየቱ ነው ትልቁ ነገር።

ጥያቄ፦ ጅማስ? ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል አይወረድም?

መልስ፦ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ስመ ጥሩው የስኪ ከተማ ሳንክት አንቶን 1,300 ገደማ ነው። እኛ እንበልጣለን። ግን እሱ ከምድር ወገብ 47 ዲግሪ ርቋል፣ እኛ 8 እንኳ አንሞላም። ከፍታ ብቻውን አመዳይ አያመጣም። ኢትዮጵያዊ የስኪ ተወዳዳሪ ግን አለ፤ ሮቤል ተክለማርያም በእ.ኤ.አ. 2006 ቱሪን በክረምት ኦሊምፒክ አገራችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ ተወዳድሯል፣ በእ.ኤ.አ. 2010 ቫንኩቨርም ተመልሷል። የእሱ የሜዳ ላይ ሩጫ ስኪ ነው፤ ወገቡ ከ50 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ተረከዙ የሚነሳ። ኪራይ ቤታችን ውስጥ ከየት ነህ ሲሉኝ ስሙን እጠራላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ (ከእህቴ ልጅ፣ አሥር ዓመቷ ነው) ስትወርድ ድምፅ አለው?

መልስ፦ አለው የኔ ቆንጆ። ጠንካራው በረዶ ላይ ድስት በቢላ ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። የተረገጠውና ብርድ የመታው ደግሞ በእግር ሲሄዱበት ጭርጭር ይላል። አዲሱ አመዳይ ላይ፣ በሰፊው ስኪ፣ የሚሰማው የራስሽ ትንፋሽ ብቻ ነው። ቪዲዮውን ድምፁን ከፍ አድርገሽ ድጋሚ ስሚው፤ ከ20ኛው ሰከንድ በኋላ እኔ ነኝ የምተነፍሰው።