የኮፕላንድን ጎረቤቶች ፈልጓቸው

ውድ ልጆቼ፣

ሙዚቃ የምትማሩም ሆናችሁ ለራሳችሁ ደስታ ብቻ የምታዳምጡ ወጣቶች፣ ስለ አሜሪካ ክላሲካል ሙዚቃ ስትጠየቁ ሦስት አራት ስም ትጠራላችሁ፦ ኮፕላንድ፣ ገርሽዊን፣ ባርበር፣ በርንስታይን። ደግ ነው፤ ሁሉም ትልልቆች ናቸው። እኔ ግን ዕድሜዬን በሬዲዮ የሙዚቃ ክፍል ከሸክላ ጋር ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ስሙን የማታውቁት የሙዚቃ ደራሲ ሁሉ ተመዝኖ የቀለለ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹን ከነጭራሹ የመዘናቸው የለም። አንድ ሲምፎኒ ለመቅዳት ብዙ ተጫዋች፣ አዳራሽና ልምምድ ያስፈልጋል። ገንዘቡን የሚያወጣ ከጠፋ ኖታው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ፍሎረንስ ፕራይስን ተመልከቱ። በ1887 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አርካንሶ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን በ1933 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በፍሬድሪክ ስቶክ መሪነት ተጫወተው። የአንዲት ጥቁር ሴት ሲምፎኒ በታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ለቦስተኑ ኦርኬስትራ መሪ ለኩሴቪትስኪ ደብዳቤ ጽፋ፣ ሴትነቷንና ዘሯን ወደ ጎን ትቶ ሥራዋን በብቃቱ ብቻ እንዲያይላት ጠየቀችው። ቦስተን አልተጫወተላትም፤ በ1953 አረፈች። በ2009 ኢሊኖይ ውስጥ ሴንት አን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጣሪያው የተበሳ አሮጌ ቤት ለማደስ የገቡ ሰዎች ክምር ወረቀት አገኙ። የቫዮሊን ኮንቸርቶዎቿ (ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትባቸው ሥራዎች) እና አራተኛ ሲምፎኒዋ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

ዛሬ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ የቀዳውን አንደኛና ሦስተኛ ሲምፎኒዋን ከስልካችሁ ታገኛላችሁ። ከአንደኛው ሲምፎኒ «ጁባ» የተባለውን ሦስተኛ ክፍል አስቀድሙ። ጁባ በባርነት ዘመን ጥቁሮች እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ጭናቸውንና ደረታቸውን እየመቱ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። ከታች ያለውን ምት በእግራችሁ ያዙና፣ ቫዮሊኖቹ ከምቱ መሐል እየሾለኩ እንዴት እንደሚጫወቱበት ስሙ።

ሁለተኛዋ ሩት ክሮፎርድ ሲገር ናት፤ እሷም ያረፈችው በዚያው በ1953 ነው። በ1931 ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የጻፈችው ኳርቴት ሦስተኛው ክፍል ላይ ለብቻው የሚዘፈን ዜማ አታገኙም። አራቱ ተጫዋቾች ረጃጅም ድምፅ ይዘው ይቆያሉ፤ አንዱ ቀስ እያለ ሲጎላ ሌላው ይከስማል። ዜማው የሚወለደው ከዚህ መጉላትና መክሰም ነው። ቀስ በቀስ እየከበደና እየወጣ ሄዶ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ይፈነዳል። መጀመሪያ ስትሰሙት ጉምጉምታ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። አትዝለሉት። ሄድፎን አድርጉና በሌላ ቀን ድገሙት፤ ሦስተኛ ቀን ደግሞ ቼሎውን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት። ሥራ እየሠሩ፣ መልእክት እየመለሱ የሚሰማ ሙዚቃ አለ፤ ይህ ግን ከዚያ ወገን አይደለም።

አንድ ቅጂ ስትወዱ ኦርኬስትራውን ማን መራው፣ ማን አሳተመው፣ ወጪውን ማን ሸፈነው ብላችሁ ጠይቁ። የሸክላውን ሽፋን ጀርባ የማንበብ ልማድ ይኑራችሁ፤ ዛሬ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ይቻላል። በ1953 የሮክፌለር ፋውንዴሽን ለሉዊቪል ኦርኬስትራ 400,000 ዶላር ሰጠ። ኦርኬስትራውም በሮበርት ዊትኒ መሪነት አዳዲስ ሥራዎችን እያስጻፈ በራሱ ሸክላ አሳተመ። ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያ ከ1974 ጀምሮ በኮንዳክተር ፖል ፍሪማን መሪነት የጥቁር ደራሲያንን ሥራ በተከታታይ አወጣ። ጆርጅ ዎከርን፣ ዩሊሲስ ኬይንና ሄል ስሚዝን እዚያ ታገኛላችሁ። ዎከር በ1996 የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ደራሲ ነው። «ሊሪክ ፎር ስትሪንግስ» የተባለውን አጭር ሥራውን ሳትሰሙ እንዳትቀሩ።

በአሮጌ ቅጂ ግን በደራሲው ላይ አትፍረዱ። በጥቂት ልምምድ ተቀድቶ ቫዮሊኖቹ የሳሱበት፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ የተንሸራተቱበት ሥራ ብዙ ነው። ሌላ ቅጂ ካለ አወዳድሩ፤ ከሌለ ኖታውን ፈልጋችሁ በዓይናችሁ እየተከተላችሁ አዳምጡ።

ወደ አገራችን የሚመጣ መንገድም አለ። ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ግራንት ስቲል የጻፈውን «አፍሮ-አሜሪካን ሲምፎኒ» በ1931 በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ሃዋርድ ሃንሰን የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። ኋላ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ያቋቋሙት አሸናፊ ከበደ የተማሩት እዚያው ኢስትማን ነው። ካይሮ ተወልደው የአሜሪካ ዜግነት ያገኙት ሐሊም ኤል-ዳብህ ደግሞ በ1959 በኒው ዮርኩ የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል የሰውን ድምፅና መሣሪያን በቴፕ እየቆራረጡና እየደራረቡ «ለይላና ገጣሚው»ን ሠሩ። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ፤ በ1963ም ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን ከየአካባቢው አሰባስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ።

ስለዚህ የት እንጀምር ካላችሁኝ፣ ማታ «ለይላና ገጣሚው»ን ስሙ። በማግስቱ ደግሞ ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 23ኛ ሆኖ የወጣውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አዳምጡና፣ ምን እንደሰማችሁ ለጓደኛችሁ ንገሩት።