መልስ፦ አንድ ቀን በኢስታንቡል ከባለቤት ጋር

ወንድሜ፣ ከደብረ ብርሃን ተነስተን ኢስታንቡል የምንውልባትን አንድ ቀን የት እናሳልፋት ብለሃል። ሁሉን ልይ አትበል። በጠዋት ሀጊያ ሶፊያ ግቡ፤ አርብ ከሆነ ግን የጁምዓ ሰዓትን ሽሹ። በ537 (በፈረንጆቹ) ያለቀ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዛሬ መስጊድ ነው። ጎብኚ ከፍሎ ወደ ፎቁ ይወጣል። እዚያ ክርስቶስ፣ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ ያሉበት ሞዛይክ አለ። ታችኛው ክፍሉ ረግፏል፣ ፊታቸው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱ ጋ ቆዩ። ባለቤትህ ነጠላዋን አትርሳ፤ ለፀጉሯ መሸፈኛ ሌላ መግዛት አያስፈልጋትም። ግራንድ ባዛር የሚሉት ትልቁ ገበያ እሁድ ዝግ ነው፤ ለኪስህ ደግ ቀን! ከሰዓት ከኤሚኖኑ ወደ ካዲኮይ በመርከብ ተሻገሩ፤ ከአውሮፓ እስያ ማለት ነው። ሻይ ይዛችሁ ደጅ ተቀመጡ፤ የቦስፎር ባሕር ነፋስ ለደብረ ብርሃን ልጅ ምኑም አይደል።